ሚያዝያ ላይ ደረቅ በረዶ የት ይገኛል? የወቅት ማብቂያ ስኪ፣ ከባሕር ዳር ለሚነሱ

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ለመድረኩ። ከዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ከሚያዝያ 12 እስከ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አራት ሆነን ኦስትሪያ ውስጥ ሲልቭሬታ ተራሮች ላይ ለስኪ ልንሄድ ነው። ሁለታችን ስኪ እንችላለን፤ ከተደለደለው መውረጃ ውጭም እንወርዳለን። ሁለቱ ጓደኞቻችን ጉናና ራስ ደጀን የወጡ ጠንካራ እግረኞች ናቸው እንጂ ስኪ አጥልቀው አያውቁም። ዕቅዱ ጋልቱር መንደር (1,584 ሜትር) ገብቶ፣ ያምታል የተራራ ማረፊያ ቤት (2,165 ሜትር) አድሮ፣ ድራይሌንደርሽፒትዘን (3,197 ሜትር) ወጥቶ በዚያው መውረድ ነው።

የስኪ ወቅቱ እየተዘጋ ያለበት ሰሞን ስለሆነ ጥያቄ በዝቶብናል። ዱቄት በረዶው (ደረቁ፣ ያልተጋገረው አዲስ በረዶ) እስከዚያ ይቆያል ወይ? ናዳውስ? ከዚህ ምን ይዘን እንነሳ፣ ምኑን እዚያ እንከራይ? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

ሰሜን_ነፋስ (ኢንስብሩክ)

ዱቄቱ አለ፤ ግን የቦታና የሰዓት ጉዳይ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ያለችው ፀሐይ በጉልበቷ ከነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩል ናት። ታኅሣሥ ላይ ሳምንት የሚሰነብት በረዶ በዚህ ወር ደቡብ ፊት ላይ ግማሽ ቀን አይሞላም። ጠዋት የጣለው ቀትር ላይ ይረጥባል፣ ሌሊት ይጋገራል፣ በማግስቱ ሲረግጡት የሚሰበር ቅርፊት ይሆናል። ለስኪ ከዚህ የከፋ የለም፤ ጫፉ ቅርፊቱ ሥር ይገባና ጉልበት ይጠመዝዛል።

ደረቁ የሚቆየው ወደ ሰሜን ባዘነበለ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ፣ ገደል ባጠለለው ተዳፋት ላይ ነው። ሰሜን ፊት የሚባለውም ሁሉ እኩል አይደለም። በዚህ ወር ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ ስለምትወጣ ሰሜን ምሥራቁን በማለዳ፣ ሰሜን ምዕራቡን ወደ ማታ ትመታዋለች። ስለዚህ ካርታ ላይ አቅጣጫውን ብቻ ሳይሆን ጥላ የሚጥል ገደል ወይም ሸንተረር ከበላዩ መኖሩንም እዩ። የያምታል ግግር በረዶ ወደ ሰሜን የሚፈስ በመሆኑ ምርጫችሁ መጥፎ አይደለም። አዲስ ከጣለ በኋላ ነፋስ ካልነካው ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ነፋስ ከነካው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ናዳው ላይ እመለስበታለሁ።

አዲስ ካልጣለ ዱቄት ፍለጋ ከመንከራተት ኮርን የሚባለውን የጸደይ በረዶ መጠበቅ ይሻላል። ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋ፣ ይህንንም ደጋግሞ ያሳለፈ በረዶ ጠጣር ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ማለዳ የስኪው ጠርዝ አይነክሰውም። ፀሐይ ስታገኘው ከላይ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትሩ ብቻ ይላላል፤ የሚወረደው ያኔ ነው። ምሥራቅ ፊት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል፣ ደቡብ ፊት ወደ 5 ሰዓት፣ ምዕራብ ፊት ከቀትር በኋላ፤ እንደ ዕለቱ ሙቀት ወዲያና ወዲህ ይላል። ስኪውን አውልቃችሁ ስትቆሙ ጫማው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሰመጠ ሰዓቱ አልፏል፤ ከተዳፋቱ ውጡ።

ሽምብጥ (ባሕር ዳር)

ወንድም ሰሜን ነፋስ፣ የምትጠራው ሰዓት በኛ ነው በነሱ?

ሰሜን_ነፋስ

በኛ ነው። 5 ሰዓት ስል ማረፊያ ቤቱ ግድግዳ ላይ 11 የሚለውን ማለቴ ነው። በዚያ ወር የኦስትሪያ ሰዓት ከባሕር ዳር በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስልክ ራሱን ያስተካክላል፣ የእጅ ሰዓት ግን አያስተካክልም። በአንድ ቡድን ውስጥ ግማሹ በኛ ግማሹ በነሱ ከቆጠረ የመመለሻ ሰዓት ይምታታል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አንዱን ምረጡ። ለማረፊያ ቤቱ ሰዎች ግን ቁርስ ስታዙ በነሱ ተናገሩ፤ አለዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያላችሁትን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያቀርቡላችኋል።

አሁን ወደ ናዳው። ጋልቱር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1999 በወረደበት ናዳ 31 ሰው የሞተበት መንደር ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ ያምታል ላይ 9 ተጓዦች ሞተዋል። የምትሄዱበት ሸለቆ ይህ ነው።

የቲሮል፣ የደቡብ ቲሮልና የትሬንቲኖ የጋራ የናዳ መግለጫ በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ለማግስቱ ይወጣል፤ በእንግሊዝኛም አለ። ብዙ ሰው ከ1 እስከ 5 ያለውን የአደጋ ቁጥር አይቶ ይዘጋዋል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ከቁጥሩ በታች ነው፦ ከስንት ሜትር በላይ፣ በየትኛው ፊት፣ በምን ምክንያት። በጸደይ ደግሞ ለአንድ ቀን ሁለት ካርታ ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ ለማለዳ፣ አንዱ ለከሰዓት። ማለዳ 1 የነበረው ከሰዓት 3 ሲሆን የተለመደ ነው። 3 ማለት «መካከለኛ ነው፣ ይሁን» ማለት አይደለም፤ በናዳ ከሚሞተው ሰው ብዙው የሚሞተው በዚሁ ደረጃ ነው።

ሰሜን ፊት ላይ ዱቄት ስትፈልጉ የሚያሰጋችሁ በነፋስ የተከመረው በረዶና ከሥር ያለው ደካማ ንጣፍ ነው። ፀሐይ የማያገኘው ተዳፋት ዱቄቱን እንደሚያቆየው ሁሉ ደካማውን ንጣፍም ያቆየዋል፤ ብርዱ ሁለቱንም ነው የሚጠብቀው። ስትረግጡ ከሥር እህ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ከስኪው ጫፍ ወደ ፊት ስንጥቅ ከሮጠ፣ ወይም አጠገባችሁ ባለ ተመሳሳይ ተዳፋት ላይ አዲስ ናዳ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ተመለሱ። በነፋስ የተከመረው ብዙ ጊዜ ላዩ ደብዘዝ ያለ፣ ሲረግጡት ጠንከር የሚል ነው፤ ከሸንተረሩ ሥር ነፋሱ በማይደርስበት በኩል ይከማቻል።

ፀሐይ የሚያገኛቸው ፊቶች ላይ ጠላቱ ውኃ ነው። የቀለጠው ውኃ ወደ ውስጥ ሰርጎ ንጣፎቹን ያላቅቃል። ይህን የሚገታው የሌሊት ብርድ ብቻ ነው። በረዶ ሙቀቱን የሚለቀው ወደ ጥርት ሰማይ ነው፤ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ቢበልጥም ሰማዩ ከጠራ ላዩ ሊረጋ ይችላል። ደመና ከጋረደው ግን ዜሮ ላይ ሆኖም በቅጡ አይረጋም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስትነሱ ከቁርስ በፊት ውጡና ሰማዩን እዩ፤ ከቤቱ በር ላይ ያለውን በረዶም ርገጡት። ኮከብ ከሌለና እግራችሁ ከገባ ወደ አልጋችሁ ተመለሱ።

ጉና_4100 (ደብረ ታቦር)

ተዳፋቱ ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው የሚያሰጋው? በዓይን ግምት ሁሉም ሰው አጋንኖ ነው የሚያየው።

ሰሜን_ነፋስ

ከ30 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ የደረቅ በረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው በ35 እና በ45 መካከል ካለ ተዳፋት ነው። ዓይን እንደሚሳሳት ትክክል ብለሃል፤ ስለዚህ እዚሁ ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ በካርታ ለኩት። የሲልቭሬታ የአልፓይን ክበብ ካርታ 1:25,000 ነው። የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሰመሩ ስለሆኑ በሁለት መስመር መካከል 1.4 ሚሊሜትር ካለ 30 ዲግሪ ነው፤ 1.1 ሚሊሜትር ከሆነ 35 ዲግሪ። በሚሊሜትር ማስመሪያ አንዱን ክፍተት ሳይሆን አምስት መስመር አልፋችሁ ለኩና ለአምስት አካፍሉ። ከ1.4 የጠበበውን ሁሉ በቀይ ቀቡት።

ከበላያችሁ ያለውንም ቀቡ። እናንተ ሜዳ ላይ ብትሆኑም ናዳው ከላይ ይመጣል። ከጋልቱር ወደ ማረፊያ ቤቱ የሚወስደው የ10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ራሱ ለጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ቁልቁለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን «መዳረሻ ብቻ ነው» ብላችሁ ከሰዓት አትነሱ። በማለዳ ግቡ፣ በመልሱም በማለዳ ውረዱ።

ዴንቨር_ሀበሻ (ኮሎራዶ)

በሰሜን ነፋስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ኮሎራዶ የተማረ ሰው ደንቡን እንዳለ ወደ አልፕስ አይውሰድ። የኛ በረዶ ስስ ነው፣ ክረምቱ ብርዳምና ደረቅ ነው፤ መሬቱ አጠገብ ያለው ንጣፍ እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍሬ ሆኖ ወራት ይቆያል። በጸደይ ውኃው እስከዚያ ሲደርስ ተዳፋቱ ከነሥሩ ይሄዳል። ከበረሃ የሚነሳ አቧራም በረዶው ላይ ያርፋል፤ የጠቆረ በረዶ ፀሐይ ስለሚስብ የሚቀልጥበት ፍጥነት ይጨምራል። አልፕስ ላይ ተመሳሳዩ ከሰሃራ ይመጣል። ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ንጣፍ ካያችሁ ያ ፊት ከጠበቃችሁት ሰዓት ቀድሞ እንደሚላላ ቁጠሩ።

ስለ ነፍስ አድን ዕቃው ማንም አልጻፈም። ቢከን (የተቀበረን ሰው የሚያስገኝ የሬዲዮ ምልክት መላኪያና መፈለጊያ)፣ ፕሮብ (በረዶ ውስጥ የሚወጋ ረጅም ዘንግ) እና አካፋ የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ለቡድን አንድ አይባልም። የተቀበረው ሰው የያዘው አካፋ አያወጣውም።

ቢከን ሁሉ በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠራ የተለያየ ፋብሪካ ቢሆንም ይግባባል። ባለ ሦስት አንቴና ዲጂታል ተከራዩ፤ ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጠውን አሮጌ አትግዙ። ባትሪው አልካላይን ይሁን፤ ሊቲየምና ዳግም የሚሞላ ባትሪ መመሪያው ካልፈቀደ አይገባም፣ ምክንያቱም ሊያልቅ ሲል የሚያሳየው መጠን ሐሰት ይሆናል። ከውስጥ ልብስ በላይ፣ ከጃኬት በታች፣ በማሰሪያው ደረት ላይ ይታሰር። ቢከኑ ሲልክ ስልክ 20 ሴንቲሜትር፣ ሲፈልግ 50 ሴንቲሜትር ይራቀው፤ የሚሞቅ ጓንትና የእጅ ሬዲዮም እንዲሁ። በየጠዋቱ አንዱ ቀድሞ ይሄድና ሌሎቹ አንድ በአንድ በፊቱ ያልፋሉ፤ መላኩም መቀበሉም ይፈተሻል።

ሰው ከተቀበረ ዕድሉ ያለው በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ አይደርስም። መጨረሻ የታየበትን ቦታ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ታች በቢከን ፈልጉ። ከ3 ሜትር በታች ሲደርስ ቢከኑን በረዶው ላይ አውርዳችሁ ቀስ በሉ፤ ፍጥነት እዚህ ላይ ያሳስታል። ትንሹ ቁጥር ከተገኘበት ጀምራችሁ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት እየከበባችሁ፣ ፕሮቡን ለተዳፋቱ ቀጥ አድርጋችሁ ውጉ። ሲነካ አትንቀሉት። ቁፋሮው ከፕሮቡ ላይ አይጀመርም፤ የጥልቀቱን ያህል ወደ ቁልቁለቱ ወርዳችሁ ከጎን ግቡ። ከላይ የሚቆፍር ሰው የተቀበረውን ሰው አየር ኪስ ረግጦ ይደፍናል፣ በረዶውንም የሚጥልበት ያጣል።

ፕሮቡ ቢያንስ 240 ሴንቲሜትር፣ አካፋው ብረት። የፕላስቲክ አካፋ የረጋ የናዳ በረዶ ላይ ይሰበራል።

ሰምና_ወርቅ (ግሬኖብል)

ስለ መሣሪያው እኔ ልጻፍ፤ ሁሉንም ጋልቱር ወይም አቅራቢያው ባለው የስኪ መንደር ኢሽግል ተከራዩት። በወቅቱ ማብቂያ ድንጋይ ስለሚወጣ አዲስ ስኪ ይዞ መሄድም አያዋጣም።

ስኪው ወገቡ (መሐሉ ላይ ያለው ጠባቡ ስፋት) ላይ ከ88 እስከ 98 ሚሊሜትር ይሁን። «ዱቄት» ስትሉ አከራዩ 110 ሊሰጣችሁ ይችላል፤ እሱ ለጥር ነው። ማለዳ በረጋ ተዳፋት ላይ አግድም ስትሻገሩ የሰፊው ስኪ ጠርዝ አይነክስም፣ ቁርጭምጭሚትም ያደክማል።

ከሁሉ የሚያስቸግራችሁ ስኪን ነው፤ ከስኪው ሥር ተለጥፎ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ የማያንሸራትተው ጨርቅ። በጸደይ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ፀሐይ ያገኘውን እርጥብ በረዶ ስትሻገሩ ጨርቁ ውኃ ይጠጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ላይ ስትገቡ ውኃው ይቀዘቅዝና ዱቄቱ ይለጠፍበታል፤ በየእግራችሁ ኪሎዎች እየጎተታችሁ ትወጣላችሁ። መፍትሔው የሚሠራው በዋዜማው ነው። ደረቅ ስኪን ላይ የስኪን ሰም ከፊት ወደ ኋላ፣ በፀጉሩ አቅጣጫ፣ ጫን ብላችሁ አሻሹ። መንገድ ላይ ከተለጠፈ በሌላው ሰው ስኪ ጠርዝ ፋቁትና እንደገና ሰም ቀቡ። በየአምስት እርምጃው ስኪውን መሬት ላይ ማንኳኳት ጉልበት መጨረስ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ማጣበቂያው ነው። ዱቄት ከነካው አይይዝም። ነፋስ ባለበት ስትለጥፉ ጀርባችሁን ለነፋስ ስጡ፣ የስኪውን ሥር በጓንት ጥረጉ፣ ስትወርዱ ደግሞ ስኪኑን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ጃኬታችሁ ውስጥ ያዙት። አልይዝ ካለ በላስቲክ ማሰሪያ ወይም በፕላስተር ከስኪው ጋር ጠምጥሙት፤ ሦስት ሜትር ያህል ፕላስተር የስኪ ዱላችሁ ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ማሰሪያ ደግሞ በሰው ሁለት።

የስኪ ክራምፖን (የረጋ በረዶ የሚነክስ ባለ ጥርስ ብረት) ግዴታ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በረጋ በረዶ ላይ ስኪን ብቻውን ያንሸራትታል። ስፋቱ ከስኪያችሁ ወገብ ሰፋ ያለ፣ ከቢንዲንጉ (ጫማውን ስኪው ላይ ከሚይዘው ማያያዣ) ፋብሪካ ጋርም የሚገጥም መሆኑን ሱቁ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ተራራው ላይ አልገባ ሲል መላ የለውም።

ቢንዲንጉን ሱቁ በክብደት፣ በቁመትና በጫማው ሶል ርዝመት ያስተካክለዋል። የፊቱ መቆለፊያ ለመውጣት ብቻ ነው። ቆልፋችሁ ከወረዳችሁ ስትወድቁ አይለቅም፣ አጥንት ይሄዳል። ከመውረድ በፊት እርስ በርሳችሁ ተያዩ።

ለጫፉ የጫማ ክራምፖንና የበረዶ መጥረቢያ ያስፈልጋል፤ መጨረሻው ድንጋያማ ጠባብ ሸንተረር ስለሆነ ስኪው ከሥሩ ይቀራል። ግግር በረዶ ስለምትሻገሩ የወገብ ማሰሪያ፣ ከ30 ሜትር ያላነሰ ገመድ፣ የፕሩሲክ ገመዶች (ዋናው ገመድ ላይ ተቋጥረው የሚይዙ ቀጫጭን ገመዶች) እና የበረዶ ብሎን ያዙ። ስንጥቁን የሸፈነው የበረዶ ድልድይ ማለዳ ሰው ይሸከማል፣ ከሰዓት ይደረመሳል።

ሽምብጥ

ልብሱን እዚሁ ሰልባጅ ተራ ታገኙታላችሁ፤ ከውጭ በሚመጣው ጭነት ውስጥ የስኪ ጃኬትና ሱሪ አይጠፋም፣ እዚህ የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ዋጋውም አይወደድም። ገልብጣችሁ ስፌቱ ላይ የተለጠፈውን ጥብጣብ እዩ፤ ከተላጠ ውኃ ያስገባል። ክንዱ ላይ ውኃ አፍስሱበት፤ ጠብ ጠብ ብሎ ከወረደ ደህና ነው፣ ከጠጣ ጨርቁ አርጅቷል። ዚፑን ጓንት አድርጋችሁ ክፈቱት። ከሥር የሚለበሰው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ አይሆንም። ጋቢም ለማረፊያ ቤቱ እንጂ ለተራራው አይወጣም።

ጤና_አዳም (ባሕር ዳር)

ስለ ዓይንና ቆዳ ማንም አላነሳም። አዲስ በረዶ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶና ከዚያም በላይ መልሶ ያንጸባርቃል። የቆዳ መጥቆር ከቃጠሎ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ዓይንን ደግሞ ጨርሶ አይጠብቅም። የበረዶ ዕውርነት ወዲያው አይታወቅም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ማታ ላይ ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን ማየት ይከለክላል። ግግር በረዶ ላይ ደረጃ 4 የሆነ፣ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ይደረግ፤ በዚህ መነጽር ግን መኪና አይነዳም። ለቡድኑ አንድ ትርፍ ይያዝ። የፀሐይ ቅባቱ 50 ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም፤ ብርሃኑ ከታች ስለሚመጣ አገጭ ሥርና አፍንጫ ቀዳዳ አካባቢ አትርሱ።

ከፍታው ለእናንተ ብዙ አያሳስብም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣ ሰው ትሻላላችሁ። ሆኖም 3,000 ላይ ራስ ምታት ከመጣ ውኃ ጠጥቶ ማረፍ፣ ካልተወ መውረድ ነው።

ቤዛዊት_ሽቅብ (ባሕር ዳር)

ልምምዱን እዚህ መጀመር ይቻላል። ከተማችን ሜዳ ነው፤ ቤዛዊት ግን አለ። ሽቅቡ አጭር ስለሆነ መደጋገም ነው፦ 10 ሊትር ውኃ በጀሪካን ቦርሳ ውስጥ አድርጎ ሳያቆሙ ሁለት ሰዓት መውጣትና መውረድ። ቁልቁለቱን አትዝለሉት፤ ስኪ ሲወርዱ የሚያቃጥለው የጭኑ ፊት ጡንቻ የሚጠነክረው በመውረድ ነው። ጉልበት የሚያምመው ሰው ውኃውን ጫፉ ላይ ደፍቶ ይውረድ። ጎህ ሳይቀድ የምትሄዱ ከሆነ ዓባይ ዳር ዳሩን አትያዙ፣ ጉማሬ ከሣር ወደ ውኃ የሚመለስበት ሰዓት ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ካጣራችሁ ደግሞ ጉና ላይ ሙሉ ቀን ውጡ፤ አራት ሰዓት ሳይቋረጥ መውጣት ምን እንደሚመስል ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ምግቡ ላይ፦ ጉዟችሁ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚወድቅ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፣ ማረፊያ ቤቱ የሚያቀርበውን መብላት ትችላላችሁ። ለመንገድ በሶና ቆሎ ያዙ፤ ብርድ ላይ አይደርቁም፣ አይበላሹም። የሚቀዘቅዝ ቸኮሌት ጥርስ ይሰብራል፣ በሶ ግን ጓንት ሳያወልቁ ከጠርሙስ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል።

ጉና_4100

ጭኮስ? ለብርድ ከጭኮ የተሻለ ስንቅ የለም።

ቤዛዊት_ሽቅብ

ጋሼ ጉና፣ ልክ ነዎት፤ ግን የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የወተት ተዋጽኦና ሥጋ አይፈቅድም። ቅቤ ስላለበት ጭኮውም ቋንጣውም ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በሶውን ለብቻ ይዘው ገብተው፣ ቅቤ ጋልቱር ገዝተው እዚያው ያሹት። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ሽምብጥ

ሁለቱ ስኪ የማይችሉት የበረዶ መራመጃ ሰሌዳ እግራቸው ላይ አስረው በዚያው መንገድ ቢከተሉስ?

ሰሜን_ነፋስ

እህቴ፣ አይሆንም። በሰሌዳ የሚራመድ ሰው ናዳ ማስነሳት ይችላል፤ ስለዚህ ቢከኑም ሥልጠናውም ያስፈልገዋል። ሰዓቱም አይገጥምም፤ ሽቅቡን እኩል ቢወጡ እንኳ ስኪው በአንድ ሰዓት የሚወርደውን እነሱ በሦስት ይወርዱታል፣ በዚያ ጊዜ በረዶው ላልቷል። ቡድኑ ይከፈላል፤ ግግር በረዶ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ለብቻው መቅረት የለበትም።

በአንድ ሳምንት ትምህርት ባልተነካ ዱቄት መውረድም አይታሰብ። የተደለደለ መውረጃ ላይ በሁሉም ዓይነት በረዶ በርጋታ መዞር የማይችል ሰው፣ ቦርሳ ተሸክሞ፣ ደክሞት፣ ቅርፊት ላይ አይዞርም። ኢሽግል ከጋልቱር በአውቶቡስ ቅርብ ነው፤ ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር ስለሚደርስ ሌሎቹ ሲዘጉ እሱ በዚያ ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። እዚያ አስተማሪ ይዘው በየማለዳው ይማሩ፤ ከሰዓት መውረጃው ሾርባ ይሆናል፣ ጀማሪ ጉልበቱን የሚጎዳው ያኔ ነው።

ጣና_ዳር

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። እንግዲህ ሁለቱ ኢሽግል ይማራሉ፤ እኛ ሁለታችን ደግሞ ለግግር በረዶው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይዘን ሦስት ሆነን እንወጣለን። ከማረፊያ ቤቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ብንነሳ እንደርሳለን?

ሰሜን_ነፋስ

አስጎብኚው ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻውን በገመድ አንዱ ሌላውን ከስንጥቅ ማውጣት በጣም ይከብደዋል። ሰዓቱ ግን ዘግይቷል። እንዲህ አስሉት፦ አግድሙን በኪሎ ሜትር ያዙ፣ ሽቅቡን በመቶ ሜትር ቁጠሩ፣ ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ሽቅቡ 1,032 ሜትር ነው፣ 10 እንበለው። አግድሙን በካርታ ራሳችሁ ለኩ፤ 6 ቢሆን ድምሩ 16፣ ለ4 ሲካፈል 4 ሰዓት። ለገመድ ማሰርና ለዕረፍት ግማሽ ሰዓት፣ ስኪው ከሚቀርበት እስከ ጫፉ ላለው ድንጋይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 11 ተኩል ከተነሳችሁ ጫፍ የምትደርሱት 4 ተኩል ላይ ነው፤ ያ የመውረጃ ሰዓት ነው እንጂ የመድረሻ አይደለም። 10 ተኩል ላይ ውጡ። ጎህ ሲቀድ ግግር በረዶው አካባቢ ትሆናላችሁ። ለመውረድ ድምሩን ለ10 አካፍሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

ቤዛዊት_ሽቅብ

የመመለሻ ሰዓታችሁንም ዛሬ ጻፉት። ጣና ላይ ባለ ጀልባ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ ለመመለስ እንደሚሰላው አስሉት፤ ገዳሙ በዓይን እየታየም ቢሆን ሰዓቱ ከደረሰ ጀልባው ወደ ወደቡ ይዞራል። ለእናንተ 4 ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት መዞር ነው።

ሰሜን_ነፋስ

ይስማማኛል። የቀረው የወረቀት ሥራ ነው። ማረፊያ ቤቱ የሚዘጋበትን ቀን አሁኑኑ በኢሜይል ጠይቁ፤ በረዶው ከቀነሰ ቀድመው ሊዘጉ ይችላሉ። የመኝታ ከረጢት ጨርቅና ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ለቪዛ የምትገዙት የ30,000 ዩሮ የሕክምና መድን በስኪ ከመውረጃ ውጭ መውረድን ወይም የሄሊኮፕተር ማዳንን ላይሸፍን ይችላል፣ አንቀጹን አንብቡ፤ ኦስትሪያ ውስጥ በስፖርት ለደረሰ አደጋ ሄሊኮፕተሩ ያስከፍላል። የኦስትሪያ አልፓይን ክበብ አባልነት የማዳን ወጪ መድን ያካትታል፣ የማረፊያ ቤት ዋጋም ይቀንሳል። የተራራ ነፍስ አድን ስልክ 140 ነው፤ መስመር ካጣ 112።

ሰምና_ወርቅ

ጫማውን ከአሁኑ አስይዙ፤ በወቅቱ ማብቂያ ሱቆቹ የኪራይ ዕቃቸውን መሸጥ ስለሚጀምሩ ቁጥር ይጎድላል። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። ማታ ላይ፣ እግር አበጥ ሲል፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ ቁሙ፣ እስከ ረጅሙ ጣት ለኩ፣ ሁለቱንም እግር። የተለያየ ከሆነ ትልቁን ያዙ። ስፋቱንም ጨምራችሁ ላኩ፤ የኛ ሰው እግር ርዝመቱ 26 ሆኖ ፊቱ ሰፊ ሲሆን አከራዩ በጠባቡ ፈንታ 27 ይሰጣል፣ ያኔ ተረከዙ ይነሳና በመጀመሪያው ሽቅብ ይላጣል። ሰፊ ቅርጽ ያለው 26 ጠይቁ፣ ሲደርሱም በአንድ ቀጭን የሱፍ ካልሲ ብቻ ሞክሩት።